እናቷ ነኝ ያለችኝ ሴት

ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ
ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ለኬኔ እናት፣

ኬኔ ደህና ናት። ይህን በምጽፍበት ሰዓት አምስተኛ ክፍል ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ሒሳብ ትማራለች፤ ከክፍሌ በር ላይ ሆኜ አንገቴን ካሰገግሁ የሹሩባዋ ጫፍ ይታየኛል። ደህና ናት። አሁን እንግዲህ ሰላምታዬን ላቅርብ። እንደምን ሰነበትሽልኝ? ቤቱ፣ ባለቤትሽ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንደምን ነው? እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ ሰሞኑን ግን ተቀምጬ እነሣለሁ፣ ተነሥቼ እቀመጣለሁ።

ሰላምታው መቅደም ነበረበት፣ አውቃለሁ። የቢቸና ልጅ ነኝ፤ አባቴ ፊደል ከማስቆጠሩ በፊት ሰላምታ ነው ያስቆጠረኝ። ነገር ግን ሥራዬ የትምህርት ቤት ነርስነት ነው፤ ይህ ሥራ ሰላምታዬን ገልብጦብኛል። እዚህ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት ዱረቲ የምትባል የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የወተት ጥርሷ ወልቆ ትንሽ ደማች። አባቷ አቶ ዋቅወያ ባኬ ጃማ በሚባለው ሰፈር ሱቅ አላቸው። ደወልኩላቸውና እንደ አስተዳደጌ ጀመርኩ፤ እንዴት ዋሉ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው፣ ሥራ እንዴት ይዞዎታል፣ እኔ ከትምህርት ቤት ነው የምደውለው፣ ጤናዎትስ እንዴት ነው እያልኩ ጥርሱ ጋ ሳልደርስ ስልኩ ተዘጋ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሰውየው ሱቃቸውን ዘግተው፣ ሽማግሌ በሁለት ባጃጅ ጭነው፣ ነጠላዋን ያዘቀዘቀች እህታቸውን አስከትለው ግቢያችን ገቡ። ዱረቲ ጥርሷን በወረቀት ጠቅልላ ለጓደኞቿ እያሳየች ነበር። እንደዚያ አስረዝሞ ሰላም የሚል ሰው መርዶ የያዘ ብቻ ነው አሉኝ በኋላ፣ ላባቸውን እየጠረጉ። ከዚያ ወዲህ ስልክ ሲነሣልኝ የመጀመሪያው ቃሌ «ደህና ናት» ሆነ። አማርኛ ለማይሰማም «ፈያ! ፈያ!» እላለሁ። ኦሮምኛዬ ስምንት ዓመት ሙሉ ከሽንኩርት ተራ አላለፈም፤ ይህችን ቃል ግን ማንም አይሳሳትባትም።

አንቱ ብዬ ጀምሬ ነበር። የቀበሌ ማስታወቂያ መሰለብኝና ቀደድኩት። ዕድሜያችንም የሚቀራረብ ይመስለኛል፣ አንቺ ማለቴን የእህት ቁጠሪልኝ።

ባለፈው ረቡዕ ቀትር ላይ ስልክሽ ጠርቶ፣ ሃሎ ስትዪ አንዲት ሴት «ይቅርታ፣ የተሳሳተ ቁጥር ነው» ብላ ዘግታብሽ ነበር። እኔ ነኝ። ቁጥርሽን ኬኔ በቃሏ ነግራኝ፣ ደብተሬ ላይ ጽፌው ሁለት ቀን ሳየው ከርሜ ነው የደወልኩት። ድምፅሽን ስሰማ እንደ ልማዴ «ኬኔ ደህና ናት» ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ደነገጥኩ። ልጇ መታመሟን ለማታውቅ እናት ደህና ናት ማለት ራሱ መርዶ አይደለም ወይ? ስምንት ዓመት ያሠራኝ ዘዴ አንቺ ጋ ሲደርስ አልሠራ አለ። ለዚህ ነው መጻፉን የመረጥኩት፤ እባክሽ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ኬኔ የስኳር በሽታ አለባት። ከታወቀ አምስት ወር ሊሆነው ነው። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ፣ ኢንሱሊን የሚባል መድኃኒት በመርፌ ትወስዳለች። መርፌውን እስከወሰደች ድረስ ትማራለች፣ ትሮጣለች፣ ከጓደኞቿ ጋር ትጣላለች፣ አድጋ ትወልዳለች። ከተቋረጠባት ግን በጥቂት ቀን ውስጥ ትሞትብናለች። ይህን ለስለስ አድርጌ መጻፍ እችል ነበር፤ ባለሳልሰው ሳይገባሽ እንዳይቀር ፈራሁ። እሁድ እሁድ ስትደውዪላት ደህና ነኝ የምትልሽም ውሸቷን አይደለም፤ እስከ ዛሬ መርፌው አንድ ቀን አልተስተጓጎለባትም።

እንዲህ ያለውን ነገር ትምህርት ቤቱ አምስት ወር ሙሉ ለእናቷ ሳይናገር ቀረ ትዪኝ ይሆናል። ተናግሬያለሁ። በየቀኑ ነው የተናገርኩት። የተናገርኩት ለሌላ ሰው ነው እንጂ።

በመስከረም መጨረሻ ኬኔ አንድ ሳምንት ቀርታ ስትመለስ አንዲት ሴት የሆስፒታሉን ወረቀት በሁለት እጇ ይዛ አብራት ገባች። ቀይ፣ ረጅም፣ ነጭ ሻሽ ያሰረች። እናቷ ነሽ ወይ አልኳት። እናቷ ነኝ አለችኝ፣ ዓይኗን ሳታሽ። ካርዱ ላይ «እናት» በሚለው መስመር «ድርቤ» ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩ ያለውን «አሳዳጊ» የሚለውን መስመር በሰረዝ አለፍኩት። በቃ፣ ጥፋቴ ይህች ሰረዝ ናት።

ከዚያ በኋላ በሥራ ዘመኔ አይቼው የማላውቀው ወላጅ ሆነችልኝ። መገናኛ ደብተር አለን፤ ቀን የሆነውን እጽፍበታለሁ፣ ልጅቷ ቤት ትወስደዋለች፣ ጠዋት መልስ ይዛ ትመጣለች። ሌላው ወላጅ ደብተሩን የሚከፍተው ለመፈረም ነው፣ አንዳንዱም ሳይከፍት ይፈርማል። ድርቤ ግን ኬኔ ጠዋት ስንት እንደለካች፣ ምን እንደበላች፣ መርፌው በየትኛው ጭኗ ላይ እንደተወጋ ሳይቀር ትጽፍልኛለች። አንድ ቀን «ከረፍት በፊት ስኳሯ 68 ወርዶባት ሁለት ብስኩት ሰጥቻታለሁ» ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ የሦስት ዓይነት ብስኩት መጠቅለያ ደብተሩ ላይ ተለጥፎ መጣልኝ፤ የትኛው ነው ማለቷ ነው። እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ፣ ኬኔ ለድርቤ ታነብላታለች፤ ድርቤ በኦሮምኛ፣ በቁቤ ፊደል ትመልሳለች፣ ኬኔ ለእኔ ትፈታልኛለች። አስተርጓሚያችን በሽተኛዋ ራሷ ነበረች ማለት ነው። አንዳንዴ ድርቤ ሦስት መስመር ጽፋ ኬኔ በሁለት ቃል ስትጨርስልኝ ምኑን ዋጥሽው እያልኩ እቆጣት ነበር፣ እሷም ትስቅብኛለች።

ስልክም እደውልላት ነበር። «ፈያ!» እላለሁ፣ «ገለቶሚ» ትለኛለች፤ ምስጋና ነው። ከዚያ በእኔ አንካሳ ኦሮምኛና በእሷ አንካሳ አማርኛ እንግባባለን። እንዲህ ያለች እናት ያላት ልጅ የታደለች ናት እያልኩ ለመምህራኑ አወራ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሰኞ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ኬኔ ከሌላው ጊዜ የበለጠ ሮጠች። ስኳሯ ወረደ። ሁለት ልጆች ደግፈው አመጡልኝ፤ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ አንገቷ በላብ ተጠምቋል፣ ዓይኗ እኔን አያየኝም። ስለካት 51። ስኳር በውሃ በጥብጬ አጠጣኋት። አትፍሪ፣ እንዲህ ያለው ነገር ያጋጥማል፣ ስኳር ከተሰጣት በሩብ ሰዓት ውስጥ ትመለሳለች፤ እየተመለሰችም ነበር። በዚያ መሃል እጄን ያዘችና በአማርኛ «እማዬ» አለችኝ። ቀጥላም «እማዬ፣ ስትመጪ ለምን አልነገርሽኝም?» አለች።

ለእኔ ይህ እንግዳ ነገር ነው። አምስት ወር በስልክ የማናግራት እናት ልጇን በኦሮምኛ ነው የምታናግረው። ኬኔ ነቅታ ብስኩቷን መቆርጠም ስትጀምር እናትሽ አማርኛ ትችላለች እንዴ ብዬ ጠየቅኳት። ሳታስበው መለሰችልኝ። እናቷ የወሎ ልጅ መሆኗን፣ ቢላ ከተማ እንደምትኖር፣ ድርቤ የአባቷ እህት፣ አዳዳዋ መሆኗን። ነገሩ ቀልሎባት ነበር፤ እኔ ይህን ሁሉ የማውቅ መስሏት ነው። ፊቴን ስታይ ብስኩቱን አስቀመጠችው። እናትሽ መታመምሽን ታውቃለች ወይ አልኳት። እንዳትነግሪያት ብላ ለመነችኝ፤ እማዬ ውሃ ስጠጣ ካየችኝ ታለቅሳለች አለች። የልጅ ወሬ መስሎኝ አለፍኩት።

እኔ ንዴት ሲነሣብኝ ጆሮዬ ይግላል። በዚያ ጆሮዬ ርዕሰ መምህሩ አቶ ያደታ ቢሮ ገባሁና ይህች ሴት አታላናለች፣ የሰው ልጅ ደብቃ ትኖራለች አልኳቸው። ሰውየው አይቸኩሉም። ካርዱን አስመጥተው አዩት። በእኛ ዘንድ የአባት እህት እናት ናት፤ ልጅ ስታሳድግማ ሌላ ማን ልትባል ነው፤ እናቷ ነሽ ወይ ብለሽ ጠየቅሻት፣ ነኝ አለችሽ፤ ማን ወለዳት ብለሽ ጠይቀሻል ወይ አሉኝ። አልጠየቅኩም። እንኪያስ ሰረዟን ያሰመርሽው አንቺ ነሽ ብለው ካርዱን መለሱልኝ። ወላጇን ማሳወቅ የድርቤ ጉዳይ ነው፣ አንቺ ሥራሽን ሥሪ አሉ። ሥራዬ ታዲያ ምንድነው?

እውነቱን ልንገርሽ፣ ክፉ ክፉውን ነው ያሰብኩት። ድርቤ አልወለደችም። ኬኔን ሦስት ዓመት አሳድጋታለች። መታመሟን ከነገረቻት እናት መጥታ ትወስድብኛለች ብላ ነው የደበቀችው አልኩ። የገና ሰሞን ኬኔ ወደ እናንተ ያልመጣችው መንገዱ አስጊ ሆኖ ነው ተብሎ እንደተነገረሽ ኬኔ ነገረችኝ፤ እውነትም መንገዱ አስጊ ነበር፣ ቢሆንም ድርቤ መንገዱን ምክንያት አደረገችው እንጂ ብዬ ደመደምኩ። ይህን ደብዳቤም ከእሷ ተደብቄ ነገ በቢላው መኪና ልልክልሽ ነው። ደወል ተደወለ፤ ልጆቹ እየመጡብኝ ነው።

ሐሙስ

አልላክሁትም። ትናንት ጠዋት መናኸሪያ ወርጄ የቢላውን ሾፌር አገኘሁት። ለማን ልስጥ አለኝ፣ ለኬኔ እናት አልኩት። ያውቅሻል። ፖስታውን እያገላበጠ ለቅሶ ነው እንዴ ብሎ ፊቱ ተለዋወጠ። ከማያውቁት ሰው የመጣ የታሸገ ወረቀት በሾፌር እጅ ሲደርስሽ ታየኝ፤ ፖስታውን ከመቅደድሽ በፊት ጎረቤት ይሰበሰባል። ተቀብዬው ተመለስኩ። ቀኑን ሙሉ በቦርሳዬ ይዤው ዋልኩ።

ዛሬ በረፍት ሰዓት ድርቤ መጣች። ኬኔ ነግራት ኖሯል፤ ያቺ ልጅ ምስጢር የሚከብዳት ልጅ ናት፣ በዚህ ወዳታለሁ። ድርቤ በሩ ላይ ቆመች። ግቢ ብላት አልገባም አለች። አሥር ቀን ሙሉ ያጠራቀምኩትን ሁሉ አወረድኩባት። ውሸታም አልኳት፣ የሰው ልጅ ሌባ አልኳት፤ የማን እናት ነሽና ነው እናቷ ነኝ ያልሽኝ አልኳት። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ። ስጨርስ ሌላም ካለሽ ጨምሪ፣ ይገባኛል አለችኝ። ያን ጊዜ ገብታ ልጆች የሚተኙበት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

የኬኔን ትነግረኛለች ብዬ ስጠብቅ የሶረቲን ጀመረችልኝ።

እህቴ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ትልቋ ልጅሽ ማረፏን እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር። እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ ዘግይቼም ቢሆን። የማውቀው ድርቤ የነገረችኝን ብቻ ነው፤ አንቺ ከሁላችንም በላይ ታውቂዋለሽ። ሶረቲ በታመመችበት ክረምት ድርቤ እናንተ ቤት ነበረች። ሶረቲ ከማድጋው ጠጥታ ጣሳውን ሳታስቀምጥ እንደገና ስትቀዳ አየች አለችኝ። ልብሷ እየሰፋባት ሄደ። ወባ ነው ተባለ፣ ኪኒን ዋጠች። ዓይን ነው ተባለ፣ የድርቤ ጸሎት ቤት ሰዎች ጸለዩላት፣ አንቺ ጠበል ወሰድሻት። በሦስት ሳምንት አለቀች። አንቺ ጸጉርሽን ስትላጪ ምላጩን የያዘችው እሷ እንደነበረች ነገረችኝ።

በዚህ መስከረም ደግሞ ኬኔ ከትምህርት ቤት ገብታ ቦርሳዋን ሳታወርድ ወደ ውሃው ሄደች። ድርቤ በመጀመሪያው ቀን አየች። በሁለተኛው ቀን ስንት ጣሳ እንደጠጣች ቆጠረች። በሦስተኛው ቀን ማንንም ሳታማክር፣ ጸሎት ቤትም ሳትሄድ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ በጀርባዋ አዝላ ሆስፒታል ገባች። ባጃጅ እስኪመጣ መቆም አልቻልኩም አለችኝ። ሐኪሙ ጣቷን ወግቶ ለካት፤ እንኳን ዛሬ መጣሽ አላት።

ያን ጊዜ ድርቤ ሐኪሙን ስለ ሶረቲ አንድ ነገር ጠየቀችው። ምን ብላ እንደጠየቀችው ልጽፍልሽ አያስፈልገኝም፤ ይህን ስታነቢ አንቺም በልብሽ እየጠየቅሽው ነው። ሐኪሙም መለሰላት። መልሱን ለእኔ ነግራኛለች። እኔ ግን ወረቀት ላይ አላሰፍረውም።

አምስት ወር ሙሉ ዝም ያለችው ያንን መልስ ይዛ ነው። የኬኔን ልናገር ካልኩ የሶረቲንም መናገሬ ነው፣ በየትኛው በር ልግባባት አለችኝ። እሁድ እሁድ ስልኩን ለኬኔ ሰጥታት ወደ ጓሮ ትወጣለች፤ ድምፅሽን መስማት ያቅታታል። መጀመሪያ እስከ ኅዳር ብላ ነበር፣ ከዚያ እስከ ገና፣ ከዚያ እስከ ፋሲካ። እኔ ይህችን ሴት ነው ሌባ ያልኳት። ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ስለ ምኑ አለችኝ።

አሁን ደግሞ የራሴን ልንገርሽ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ከኮሌጅ እንደወጣሁ በተመደብኩበት ጤና ጣቢያ አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቷ ከስታለች፣ ከንፈሯ ደርቋል፣ ትንፋሿ ያጥራታል፤ ውሃ ውሃ ትላለች። ወባ ነው አልኩ። ወቅቱ የወባ ነበር፣ የሁሉም በሽታ ስም ወባ ነበር። ኪኒን ሰጥቼ ሸኘኋቸው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እናቲቱን ገበያ ላይ አየኋት፤ ጥቁር ለብሳለች። ሰላም አለችኝ፤ ስላደረግሽልን እግዜር ይስጥልኝ ብላ አመሰገነችኝ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ የኮሌጅ ደብተሬን ከፍቼ አነበብኩ፤ የልጅቷ ምልክት ሁሉ አንድ በአንድ ተጽፎ ነበር፣ በእኔው እጅ ጽሕፈት። ፈተናውን አልፌበታለሁ። እኔ ነጭ ጋውን ለብሼ ያላወቅኩትን አንቺ ቢላ ተቀምጠሽ በምን ልታውቂው ነበር? ድርቤስ በምን ልታውቀው ነበር? ሐኪሙ ለጥያቄዋ የመለሰላት አንድ ነገር ነው፤ በምን ልታውቀው ነበር የሚለውን ግን አልመለሰላትም፣ ስላልጠየቀችው።

እጄ ዛሬ አይጽፍም። ነገ እጨርሰዋለሁ።

አርብ

ቸኩያለሁ። ድርቤ ደብዳቤውን እኔው አደርሰዋለሁ ብላ ውጭ እየጠበቀችኝ ነው። ምን እንደጻፍኩ ላንብብልሽ ብላት እጇን ወደ ጆሮዋ አነሣች፤ ከሰማሁት እግሬ አይሄድም አለችኝ። ነገ ቅዳሜ ኬኔን ይዛ በጠዋቱ መኪና ትነሣለች። አቶ ያደታ ለኬኔ የሰኞና የማክሰኞ ፈቃድ ሰጥተዋል፤ ሰውየው ሥራሽን ሥሪ ያሉኝ ይህንን ይሆን ብዬ አሰብኩ። ድርቤ የኬኔን ልብስ በሙሉ አጥፋ በሻንጣ ከታዋለች፣ ዩኒፎርሟን ሳይቀር። ለሁለት ቀን ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል አልኳት። ልመልስላት ነው፣ የእሷ ናት አለች። ይህን ስትል አላለቀሰችም፤ እኔ ነኝ ፊቴን ወደ መድኃኒት ቁም ሳጥኑ ያዞርኩት።

ኬኔን የት ታሳድጊያት የሚለውን እኔ አልነግርሽም። ቢላም ብታስቀሪያት፣ ነቀምቴም ብትመልሻት ልጅሽ ናት። የምነግርሽ የነርስ ነገር ነው። መድኃኒቱ ለአንድ ወር ይበቃታል፤ ብልቃጦቹ በፎጣ ተጠቅልለው ፔርሙዝ ውስጥ በበረዶ መሃል ናቸው፣ ቤት ሲደርስ በረዶው እንዳይነካቸው አውጪያቸው። ማቀዝቀዣ ከሌለ አሸዋ በእንስራ አድርገሽ አሸዋውን አርጥቢው፣ ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልለሽ መሃሉ አስቀምጪው፣ ጥላ ይሁን። ጾሙ ሊገባ ነው፤ አታስጹሚያት። ጠበል ብትወስጃት አልከለክልም፣ ብልቃጡና መርፌው ግን አብረው ይሂዱ። ድና ብታይያት፣ ወዟ ቢመለስ፣ ማንም መጥቶ አሁንማ ተፈውሳለች ቢልሽ መርፌው አይቋረጥ። ካላባትና ከተንቀጠቀጠች ስኳር። ስልኬ ከታች አለ፤ በማንኛውም ሰዓት ደውዪ፣ እኔም ሳነሣው ሰላምታ አልጠብቅም።

አሁን የምለምንሽን ልለምንሽ። ድርቤ ቤትሽ ስትደርስ ኬኔን ከፊቷ እንድታስቀድም ነግሬያታለሁ፤ መጀመሪያ የምታዪው የልጅሽ ፊት ይሁን ብዬ። እንግዲህ ይህን ስታነቢ ኬኔ አጠገብሽ ናት። ድርቤ ግን ከበሩ አልፋ የገባች አይመስለኝም፤ ሻንጣውን አስቀምጣ ደጅ ላይ ቆማ ይሆናል። አንብበሽ እስክትጨርሺና ቀና ብለሽ እስክታያት ትጠብቃለች። ልትጮሂባት ትችያለሽ። ከዓይኔ ጥፊ ልትያትም ትችያለሽ፤ የዘመድ ቁጣ ያንቺ ነው፣ እኔ ከዚህ ሆኜ አልገባበትም። የሐኪሙን መልስ ጠይቂያትም አትጠይቂያትም የአንቺና የእሷ ነው።

ግን መርፌው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ኬኔን መውጋት የምትችል ሴት እሷ ብቻ ናት። አስገቢያት። እጇን ትታጠብ፣ ውሃውን አንቺ አፍስሽላት። ብልቃጡን በሁለት መዳፏ መሃል ስታንከባልለው፣ መድኃኒቱን ስትቀዳ፣ መርፌውን ወደ ብርሃን አንሥታ መስመሩን ስትቆጥር፣ የልጅሽን ቆዳ በሁለት ጣቷ ቆንጠር ስታደርግ ከጎኗ ቆመሽ እጇን ተመልከቺ። የጠዋቱን አንቺ ትወጊያለሽ፣ እሷ ታይሻለች። ከዚያ በኋላ የምትባባሉትን ተባባሉ፤ ኬኔ መርፌዋን ወስዳ እራቷን በልታለች፣ ጊዜ አላችሁ።

አሁን ግን ሰዓት እዪ፣ ደብዳቤው ረዝሞብኛል።

እግዚአብሔር ያለችልሽን በጤና ያሳድግልሽ፣ ያረፈችውን ነፍስ በመልካም ቦታ ያኑርልሽ፣ ለእጅሽም ጽናት ይስጥልሽ።

የልጅሽ ነርስ፣
ያላየሽኝ እህትሽ